ቁልፍ የሚሸጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሁን?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ወልቂጤ



ከእኛ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱን አቁማችሁ «ወደ ፊት ምን ለመሆን ታስባለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፤ አንዱ ሐኪም፣ ሁለተኛው መሐንዲስ፣ ሦስተኛው የኮምፒዩተር ሊቅ እሆናለሁ ይላችኋል። «ሻጭ እሆናለሁ» የሚል ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ይህ ነገር እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ከመካከላችን የብዙዎቻችን ደብተርና ጫማ የተገዛው ከሱቅ በተገኘ ገንዘብ ነው። አባቶቻችን ከወልቂጤና ከቡታጅራ ተነሥተው በአዲስ አበባ መርካቶና በሌላውም ከተማ በንግድ ስም ያተረፉ ሰዎች ናቸው፤ ከሊስትሮ ሣጥን ተነሥተው የመደብር ባለቤት የሆኑትም ጥቂቶች አይደሉም። እኛ ልጆቻቸው ግን ጥቂት ፊደል የቈጠርን ሲመስለን፤ መጀመሪያ የምናፍረው በአባታችን ሚዛንና መደብር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድን ሥራ ለማስተዋወቅና ስለዚያም ሥራ ያለኝን አሳብ ለመግለጥ ነው። ሥራው በኮምፒዩተርና በስልክ መረብ ውስጥ ያለውን ገንዘብና ምስጢር የሚጠብቁ መሣሪያዎችን የሚሸጥ የቴክኒክ ሽያጭ ባለሙያ ሥራ ነው። አሳቤም ሁለት ነው። አንደኛው፤ ይህ ሥራ በነጋዴ ቤት ተወልዶ ለተማረ ወጣት እጅግ የተገባ ነው። ሁለተኛው፤ እውነተኛ ሰው ካልያዘው ግን በሻጩ ምክንያት የሚደርሰው ጉዳት በሌባው ከሚደርሰው የማያንስ ነው። እነዚህን ሁለቱን በተራ በተራ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አንድ ባንክ ወይም ሆስፒታል ወይም ፋብሪካ መረቡን የሚጠብቅ መሣሪያ ለመግዛት ባሰበ ጊዜ፤ ወደ እርሱ የሚመጡት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ስለ ዋጋና ስለ ውል የሚነጋገር ነው። ሁለተኛው ግን ዕቃውን እስከ ውስጡ የሚያውቅ ነው። ይህ ሁለተኛው ሰው የገዢው ኮምፒዩተሮች እንዴት እንደ ተያያዙ ይጠይቃል፤ ቀዳዳው የት እንደ ሆነ ይመረምራል፤ መሣሪያውን በገዢው ፊት አሠርቶ ያሳያል፤ ለሙከራም ለጥቂት ሳምንታት አስገብቶ ውጤቱን ያቀርባል። ግዢው በጨረታ ሲሆንም፤ ተጫራቹ የቴክኒኩን ሰነድና የዋጋውን ሰነድ ብዙ ጊዜ ለየብቻ አሽጎ ስለሚያቀርብ፤ የቴክኒኩን ሰነድ የሚያዘጋጀው ይኸው ሰው ነው። እንግዲህ ግማሽ ጐኑ መሐንዲስ፣ ግማሽ ጐኑ ነጋዴ ነው ማለት ይቻላል። ከወር ደመወዙም ሌላ ብዙ ጊዜ በሽያጩ ልክ የሚታሰብ ኮሚሽን ያገኛል። ይህን የኮሚሽን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ቴሌብር የተባለው የገንዘብ ማስተላለፊያ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል። በወልቂጤ መናኸሪያ ቡና የምታፈላው እናትም፣ በቡታጅራ ገበያ በርበሬ የሚሸጠው ነጋዴም ገንዘባቸውን በስልክ ይቀበላሉ። ገንዘብ ወደ ገባበት ቤት ሁሉ ሌባ ይከተላልና፤ «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ የምስጢር ቍጥርዎን ይንገሩን» እያሉ የሚያታልሉ ሰዎች የደወሉለት ዘመድ የሌለው ተማሪ በክፍላችን ያለ አይመስለኝም።

መንግሥትም ነገሩን ቸል አላለውም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ጉዳይን የሚመራው መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፤ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ውኃ መያዝ በተቃረበ ጊዜ ከግብፅ የተነሡ ቡድኖች በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ የሞከሩትን ጥቃት ማክሸፉን ገልጧል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 በ2008 ዓ.ም. ወጣ፤ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የሚደነግገው አዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ወጣ። ይህ የመጨረሻው አዋጅ የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ድርጅት ሁሉ መረጃውን በሚገባ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ ጥበቃ የሚገዛው ባንክ ብቻ አይደለም፤ ክሊኒኩም፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩም፣ ትምህርት ቤቱም ነው። ገዢ በበዛ ጊዜ ሻጭ ይበዛል፤ ጥያቄው ምን ዓይነት ሻጭ ይምጣ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የማረቆ በርበሬ በቡታጅራ ገበያ ሲሸጥ ገዢዋ በእጇ ታነሣዋለች፤ ቀለሙን ታያለች፤ ሰብራ ታሸታለች፤ ካልመሰላት ጥላው ወደ ሚቀጥለው ሻጭ ትሄዳለች። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቢያታልል እንኳ የሚያታልለው በጥቂቱ ነው። የኮምፒዩተር ጥበቃ ግን አይታይም፤ አይሸተትም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከተገዛም በኋላ መልካም መሆኑ አለመታወቁ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሌባ ሳይገባ ቢቀር፤ ቍልፉ ከልክሎት ይሁን ወይም ጭራሽ ሳይመጣ ቀርቶ ይሁን ገዢው ሊያውቅ አይችልም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጥናት፤ ገዢ መልካሙን ከመጥፎው መለየት ባልቻለበት ገበያ መጥፎው ዕቃ መልካሙን እየገፋ እንደሚያስወጣው አስረድቷል፤ በ2001ም የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆኗል። በእኔ አስተያየት የአሮጌ መኪና ገዢ ከጥበቃ ገዢ ይሻላል፤ እርሱ ቢያንስ መኪናውን አስነሥቶ መንዳት ይችላልና።

እንግዲህ ገዢው ዕቃውን ማየት ካልቻለ የሚያየው ሻጩን ነው ማለት ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ የሚሸጠው ዋናው ዕቃ የሻጩ ቃል ነው። ስለዚህም ነው የቴክኒክ ሽያጭ ባለሙያ ሥራ ከተራ ንግድ የሚከብደው።

እኔ ራሴ የማውቀውን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ቡታጅራ ውስጥ መደብር ያላቸው አንድ አጎት አሉኝ። የዱቤውንና የዕቃውን ሒሳብ በአንድ ኮምፒዩተር ይይዛሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ሻጭ መጥቶ፤ ከባሕር ማዶ ያሉ ሌቦች ሒሳባቸውን እንደሚዘርፉ በብዙ ካስፈራራቸው በኋላ «ሙሉ ጥበቃ» ያለውን የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም በዓመት ክፍያ ሸጠላቸው። ሲሸጥ ግን ሁለት ነገር አላየም፤ ወይም አይቶ ዝም ብሏል። አንደኛው፤ ሦስቱ የመደብሩ ሠራተኞች የሚገቡት በአንድ የምስጢር ቃል ነበር፤ ያም ቃል በወረቀት ተጽፎ ከኮምፒዩተሩ ጐን ተለጥፎ ነበር። ሁለተኛው፤ ሒሳቡ ሌላ ግልባጭ አልነበረውም። ከወራት በኋላ ከአንድ ፍላሽ የገባ ቫይረስ ሒሳቡን አበላሸው፤ አጎቴም ከሠራተኞቻቸው ጋር የወረቀት ደረሰኝ እየፈለጉ ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። ደረሰኝ ያልተቈረጠለት ዱቤ ግን በዚያው ቀረ።

ያ ሻጭ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ምን ማለት ነበረበት? «ጋሼ፤ በመጀመሪያ ያንን ወረቀት ይንቀሉት፤ ለያንዳንዱም ሠራተኛ የራሱን የምስጢር ቃል ይስጡት። ሁለተኛ ሒሳቡን ማታ ማታ በሌላ ዕቃ ገልብጠው ቤትዎ ይውሰዱት። ይህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጣም ወይም የሚያስወጣው ጥቂት ነው። ከዚህ በኋላ የሚተርፍ ገንዘብ ካለዎት የእኔን ዕቃ እንነጋገርበታለን» ማለት ነበረበት። እንዲህ ቢል በዚያ ቀን ምናልባት ምንም አይሸጥም ነበር። ነገር ግን አጎቴ የመንገዱን ነጋዴ ሁሉ ወደ እርሱ ይልኩለት ነበር።

የአጎቴ መደብር ትንሽ ናትና ከትልልቆቹ ደግሞ ምሳሌ እንውሰድ። ታርጌት የተባለው ታላቅ የአሜሪካ የመደብር ኩባንያ በፈረንጆች 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የ40 ሚሊዮን ደንበኞች የባንክ ካርድ ቍጥር ተሰረቀበት። ኩባንያው ጥበቃ ሳይገዛ ቀርቶ አይደለም፤ ውድ መሣሪያ ገዝቶ ነበር፤ መሣሪያውም የማስጠንቀቂያ ምልክት ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ምልክቱን አይቶ በጊዜው የተነሣ ሰው አልነበረም። በአገራችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ በታርጌት ቤት ግን ውሻው በጊዜው ጮኾ ባለቤቱ ተኝቶ ነበር። ሌቦቹም የገቡት የመደብሮቹን ማቀዝቀዣ በሚሠራ በሌላ ድርጅት በኩል ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. የሆነው ነው። ዋናክራይ የተባለ፤ ፋይሎችን ቈልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ተሠራጨ። በእንግሊዝ አገር ከ236 የመንግሥት የጤና ድርጅቶች ቢያንስ 80ዎቹ ተነክተው የብዙ ሕመምተኞች ቀጠሮ ተሰረዘ። ማይክሮሶፍት ግን ያን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት በነፃ አውጥቶ ነበር። የጐደለው መሣሪያ አልነበረም፤ በጊዜው ማደስ ነበር እንጂ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ሻጩን የሚመለከት ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ የታወቀ የጥበቃ ኩባንያ ስሕተት ያለበት ማደሻ ላከ፤ በዚያም ምክንያት ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8 ሚሊዮን 500 ሺህ ያህል ኮምፒዩተሮች ቆሙ፤ በብዙ አገሮች አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮችም ተቸገሩ። ያንን ያደረሰው ሌባ አልነበረም፤ ዘበኛው ራሱ ነበር። እንግዲህ «የእኔን ዕቃ ከገዙ ምንም አይደርስብዎትም» የሚል ሻጭ በዓለም ላይ ቢኖር ወይ አላዋቂ ነው፤ ወይ ውሸታም ነው።

ከአገራችንም ሁለት ምሳሌ አለን። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣት ቻሉ፤ ወሬውም በስልክ ሲዛመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ በየማሽኑ ተሰለፉ። ባንኩም ይህ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፤ በራሱ ሥርዓት ላይ በተደረገ ማሻሻያ የመጣ ስሕተት እንደ ነበረ አስታወቀ፤ ገንዘቡም እንዲመለስ ጠየቀ። ሌላው ምሳሌ እኛን ተማሪዎችን የሚመለከት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያው የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ስለ ወጣ ፈተናው ተሰርዞ እንደ ገና ተሰጠ። የወረቀት ፈተና ነበርና፤ ጥበቃ ከመሣሪያ በፊት የሰውና የአሠራር ነገር መሆኑን አስተምሮናል። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱንም ቢሆን አንድ ሻጭ «የእኔ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ አይደርስም ነበር» ብሎ ማስታወቂያ ቢያደርገው ሰውን ያታልላል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ የአገር ገንዘብ ነገር አለ። እነዚህ የጥበቃ መሣሪያዎች አብዛኛዎቹ የሚመጡት ከውጭ ነው፤ የሚከፈልባቸውም በዶላር ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፤ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ለማያስፈልግ መሣሪያ የሚከፈለው እያንዳንዱ ዶላር ለመድኃኒት ወይም ለማዳበሪያ ሊሆን ይችል የነበረ ዶላር ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማይጠቀምበትን መሣሪያ ገዝቶ በሣጥኑ ውስጥ ቢያስቀምጠው፤ ሻጩ ኮሚሽኑን በላ፤ አገር ግን ከሰረች።

አሁን አስቀድሜ «በልባችሁ ያዙልኝ» ወዳልሁት ነገር ልመለስ። «ኑሮው በኮሚሽን የሆነ ሰው ‹አትግዙ› ሊል ይችላልን? ቢልስ በራብ አይሞትምን?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለምና በማቃለል አልመልሰውም። እውነት ነው፤ በየወሩ ይህን ያህል ሽጥ እየተባለ የሚገፋ ሰው ይፈተናል። ነገር ግን ከአባቶቻችን ንግድ የምንማረው መልስ አለ። በመርካቶ አንዱ ነጋዴ ለሌላው ብዙ ብር የሚያወጣ ዕቃ በቃል ብቻ በዱቤ ይሰጣል። ይህ የሚሆነው ነጋዴ ሁሉ ጻድቅ ስለ ሆነ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ያታለለ ሰው ሁለተኛ ዱቤ ስለማያገኝ ነው። የጥበቃም ውል በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ያታለለ ሻጭ በመጀመሪያው ዓመት ይበላል፤ በሁለተኛው ዓመት ገዢው በሩን ይዘጋበታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ነው። የሆነ ሆኖ ነገሩን ሁሉ በሻጩ ሕሊና ላይ ብቻ መጣል አይገባም፤ አሠሪ ኩባንያዎችም ኮሚሽኑን በተሸጠው ብዛት ብቻ ሳይሆን በዓመቱ መጨረሻ ውሉን ባደሰው ደንበኛ ብዛት ቢያስቡት፤ እውነተኛው ሰው ከውሸታሙ ይልቅ ይጠቀማል።

የጉራጌ ልጅ ለዚህ ሥራ ይሆናል ያልሁበትም ምክንያት በመነገድ ብቻ አይደለም። ጥበቃን ለሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የዚህ ባለሙያ ግማሽ ሥራው ነው፤ እኛም የምናስረዳበት ምሳሌ በቤታችን አለልን። እቁብን እንመልከት። በእቁብ ውስጥ ዳኛ አለ፤ ጸሐፊ አለ፤ ገንዘብ ያዥ አለ። መዝገቡን የያዘው ሰው ገንዘቡን አይዝም፤ ገንዘቡን የያዘው መዝገቡን አይጽፍም። ዕጣ የወጣለትም ሰው ስሙ ስለ ተጠራ ብቻ ገንዘቡን ተቀብሎ አይሄድም፤ ዋስ ይጠራል። የኮምፒዩተር ሊቃውንት «ኀላፊነትን መከፋፈል» እና «ሁለት ዓይነት ማረጋገጫ» የሚሉት ይኸው ነው። ለአንድ ነጋዴ «ከምስጢር ቍጥርዎ ሌላ በስልክዎ የሚላክ ቍጥር ያስፈልጋል» ብትሉት ይሰለቻል፤ «ይህ የገንዘብዎ ዋስ ነው፤ ዋስን ለማያውቁት ሰው በስልክ ይሰጣሉን?» ብትሉት ግን ወዲያው ይገባዋል። ይህን ዓይነት ቃል ከውጭ አገር የሚመጣ ሻጭ አያውቀውም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ጽሑፌ ጐደሎ ይሆናል። ቍልፍ መሥራት የሚያውቅ ሰው ቍልፍ መስበርም ያውቃል። ሃኪንግ ቲም የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ለመንግሥታት የስለላ ፕሮግራም ይሸጥ ነበር። በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ክፍል በየካቲት ወር 2006 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፤ ይህ ፕሮግራም በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ላይ ሊውል እንደ ተሞከረ ገለጠ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የኩባንያው የራሱ ኮምፒዩተር ተሰብሮ የውስጥ ደብዳቤው ሁሉ በዓለም ፊት ተዘረገፈ። ከዚህ የምንማረው ሻጭ «እኔ ዕቃ ሸጥሁ፤ ገዢው ምን እንደሚያደርግበት አያገባኝም» ሊል እንደማይገባው ነው። ቢላዋ የሚሸጥ ሰው የገዢውን ልብ ሊመረምር አይችልም፤ የሰውን ምስጢር መክፈቻ የሚሸጥ ሰው ግን ለማን እንደሚሸጥ መጠየቅ ግዴታው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በበኩሌ ለሦስት ወገኖች የምለው አለኝ።

ለክፍል ጓደኞቼ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በፊልም እንደምናየው በጨለማ ቤት ተቀምጦ የሰው ኮምፒዩተር የሚሰብር ጀግና ለመሆን ከመመኘት በፊት፤ መረብ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዳታ ከስልክ እስከ ባንክ በምን መንገድ እንደሚሄድ በትዕግሥት እንማር። በጉብሬ የሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ይሰጣልና ዕውቀቱ ከደጃችን አለ። ከዚያም ጋር በአማርኛም በእንግሊዝኛም አጥርቶ መጻፍን እንልመድ፤ ገዢን የሚያስረዳው ንጹሕ ቋንቋ ነውና። እኅቶቼም «ይህ የወንድ ሥራ ነው» የሚለውን ወሬ አትስሙ፤ በገበያችን የተሻለውን ሒሳብ የሚያውቁት እናቶቻችን ናቸው።

ለመምህሮቻችን፤ የኮምፒዩተር ትምህርት ከኮምፒዩተር ክፍሉ ወጥቶ ወደ ገበያ ቢሄድ መልካም ይመስለኛል። በዓመት አንድ ጊዜ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ከተማው ሱቆች ቢላኩ፤ ለነጋዴው የምስጢር ቃልን እንዴት እንደሚይዝና ግልባጭ እንዴት እንደሚያስቀምጥ በነፃ ቢያስረዱ፤ ነጋዴው ይጠቀማል፤ ተማሪውም አንድ አስቸጋሪ ነገር ለማያውቀው ሰው ማስረዳትን ይማራል።

ለወላጆቻችን፤ «ከሱቅ ትወጣ ብለን አስተማርንህ፤ አንተ ተመልሰህ ሻጭ ልሁን ትላለህን?» እንዳትሉን በትሕትና እለምናለሁ። የምንመለሰው ወደ ኋላ አይደለም፤ የእናንተን ታማኝነት ይዘን ወደ አዲስ ገበያ ነው። ደግሞም ጥበቃ ሊሸጥላችሁ የመጣውን ሰው ሁሉ አምስት ጥያቄ ጠይቁልኝ። «ይህን ሳልገዛ ዛሬ በነፃ ማድረግ የምችለው ምንድን ነው? ይህ ዕቃ ምን ምን ሊከለክል አይችልም? ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ የሚያየው ማን ነው? የሚመጣው ዓመት ክፍያው ስንት ነው? ከዚህ በፊት የገዛህን አንድ ሰው ታገናኘኛለህን?» እነዚህን ሳይቈጣና ሳይሸሽ የሚመልስ ሰው ከእርሱ ቢገዙ የሚገባው ሰው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፤ ሌባውን ብቻ ሳይሆን ከሌባ አድናለሁ የሚለውንም መጠርጠር ነውር አይደለም።

በማጠቃለያው፤ አገራችን ገንዘቧንና ምስጢሯን ወደማይታይ ሣጥን እያስገባች ነው። የዚያን ሣጥን ቍልፍ የሚሠሩ መሐንዲሶች ያስፈልጉናል፤ ሕግ የሚያወጡም ያስፈልጉናል። ነገር ግን በመሐንዲሱና በነጋዴው መካከል ቆሞ «ይህ ያስፈልግዎታል፤ ይህ ግን አያስፈልግዎትም» ብሎ እውነቱን የሚናገር ሰው ከሌለ፤ ቍልፉ ይሸጣል፤ በሩ ግን ክፍት እንደ ሆነ ይቀራል። ያን ሰው ለመሆን የሚነሣ ወጣት ከወልቂጤም ከቡታጅራም ቢገኝ፤ የአባቶቹን ሙያ ጣለ ሳይሆን አሳደገ ይባላል እላለሁ።